ስኳር ያለበት ወንድማችን ከማዕዳችን ምን ይብላ?



ረጀብ ገብቷል። የጀመዓችን የረመዳን ዝግጅትም ከአሁኑ ይጀመራል። ለኢፍጧር መዋጮ ይሰበሰባል፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱት ተራ ይይዛሉ፣ ቴምር በካርቶን ይገዛል። በዚህ ዝግጅት ውስጥ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ያላነሳነውን ጉዳይ ዘንድሮ ማንሳት እንፈልጋለን። ከመካከላችን የስኳር በሽታ ያለባቸው ተማሪዎች አሉ፤ እኛ ግን ማዕዱን ስናዘጋጅ አስበናቸው አናውቅም።

ባለፈው ረመዳን ዐስር ሰግደን ስንወጣ አንድ ወንድማችን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ ንግግሩም ተምታታበት። ፆሙ አድክሞት ነው ብለን ጥላ ስር አስቀመጥነው። መግሪብ ሩቅ ስላልሆነ ትንሽ ይታገስ ያልንም ነበርን። የዶርም ጓደኛው ሮጦ ደርሶ «ስኳር አለበት!» ባይለን ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብደናል። መዋጥ ይችል ስለነበር ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አጠጣነውና ወደ ክሊኒክ ወሰድነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ነው፤ ይህንንም የምንጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። ለምን እንዳልነገረን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ ግን እስካሁን ይከነክነናል። «ሁላችሁም ስትፆሙ እኔ ብቻ ውሃ ይዤ መታየት አፈርኩ» አለን። ኢንሱሊኑን የሚወጋውም ሽንት ቤት ተደብቆ ነበር።

ያሳፈረው ዲኑ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ፆምን ግዴታ ባደረገበት ቦታ ላይ፣ ለታመመና ለመንገደኛ በሌሎች ቀናት እንዲያካክሱ ፈቅዷል። ማካካስም ጨርሶ የማይችል ሰው በየቀኑ ምስኪን በማብላት ፊድያ ያወጣል። ይህ ሩኽሳ ከአላህ የመጣ እዝነት እንጂ የኢማን ድክመት ምልክት አይደለም። ወንድማችንን ያሳፈርነው እኛ ነን። «ለምን አትፆምም?» የሚለው ጥያቄያችን፣ ገርመም ማድረጋችን፣ ሳህን እየሞላን «ብላ እንጂ!» ማለታችን ነው ያሳፈረው።

ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። አንደኛው ዓይነት ስኳር አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምር ሲሆን ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ያቆማል። ይህ ያለበት ሰው አመጋገቡን ማስተካከል ቢጠቅመውም ኢንሱሊን ማቋረጥ ግን አይችልም። በጥቁር አዝሙድ ወይም በአብሽ ብቻ ይድናል እያሉ መርፌውን የሚያስጥሉ ሰዎች ነፍስ ላይ እየፈረዱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል፤ ኢንሱሊንም ሕክምና ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እጅግ የበዛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ወላጆቻችን ላይ የምናየው ይህኛው ነው። እዚህ ላይ የአመጋገብ ለውጥ ትልቅ ጉልበት አለው። በአሜሪካ ተካሂዶ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰፊ ጥናት፣ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ ክብደት ቀንሰውና በእግር እየተጓዙ በስኳር የመያዝ ዕድላቸውን በ58 በመቶ ቀንሰዋል። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ግን የቀነሱት በ31 በመቶ ነበር። ስለዚህ የምግቡ ነገር ለታመመው ብቻ ሳይሆን ዛሬ ጤነኛ ነን ለምንለውም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ይህም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በኢፍጧር የምናድለው አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በላዩ ላይ ጣፋጭ ጁስ፣ ሙሸበክ፣ ነጭ ዳቦና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ይህን ማውረድ ለጤነኛውም ከባድ ነው፤ ስኳር ላለበት ደግሞ አደጋ ነው።

ሱናውን ብናስተውል መፍትሔው ቅርብ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመስገዳቸው በፊት በጥቂት እሸት ቴምር፣ እሱ ካልተገኘ በደረቅ ቴምር፣ ያም ከሌለ በጉንጭ ውሃ ያፈጥሩ እንደነበር ተዘግቧል። ሆዳችንን ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተውም መክረውናል። እኛ ግን ቴምሩን በእፍኝ፣ ለስላሳውን በጠርሙስ አድርገነዋል።

«እኛ ድሃ ተማሪዎች ነን፤ ያገኘነውን እንበላለን እንጂ ምን እንመርጣለን?» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፤ የካፌውን ምግብ የምናዘው እኛ አይደለንም። ነገር ግን የምንለው ውድ ነገር እንግዛ አይደለም። ለለስላሳ የምናወጣው ገንዘብ ለምስር ሾርባ፣ ለጎመንና ለሰላጣ ይዋል ነው። ሻዩ በትልቁ ድስት ስኳሩ ተጨምሮበት ከሚቀዳ፣ አንዱ ፔርሙስ ሳይጨመርበት ይቅረብና የፈለገ በማንኪያው ይጨምር። ሾርባው፣ አትክልቱና ምስሩ ቀድሞ ይቅረብ፤ እንጀራውና ዳቦው ይከተል። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲበላ ስኳር በደም ውስጥ በአንዴ አይሽቀነጠርም። የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል፤ ጤፍ እንዳለች ስለምትፈጭ አሰሯ አይጣልም። ይሁንና እንጀራም ቢሆን መጠኑ ይታሰብ።

ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ትሪ መብላታችን በረካ ነው። ስኳር ያለበት ወንድም ግን ከትሪው ላይ ምን ያህል እንደበላ ለማወቅ ይቸገራል፤ ኢንሱሊኑን ደግሞ የሚመጥነው በበላው ልክ ነው። በተለየ ሳህን ልብላ ካለ ትሪውን እንደናቀ አንቁጠረው። ሳህኑን ከትሪያችን አጠገብ እናስቀምጥለት እንጂ ከመካከላችን አናርቀው። ሱሁርም በሻይና በዳቦ ብቻ አይለፍ፤ ሽሮ፣ ምስር ወይም እንቁላል ይኑርበት፤ ወደ ፈጅር ተጠግቶም ይበላ።

ስኳር ያለባችሁ እህቶችና ወንድሞች ሆይ! ልፁም ብላችሁ ከማሰባችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተማከሩ። ባለሙያዎች የሚመክሩት ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ያ ጊዜ አሁን ነው። ሐኪሙ «ለአንተ አይሆንም» ካለ ሩኽሳውን በደስታ ውሰዱ። ፁሙ ከተባላችሁም የመድኃኒታችሁን መጠንና ሰዓት እሱ ያስተካክልላችሁ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ። ጣት ወግቶ መለካት ፆም ያበላሻል ብላችሁ አትስጉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ስብሰባ ለምርመራ የሚወሰድ ደምም ሆነ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ፆም እንደማያፈርስ ወስኗል። መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ ግን ለመግሪብ አምስት ደቂቃ ቢቀርም ፆሙ ይፈታል። ሰውነታችን የአላህ አማና ነው።

ከጀመዓው የምንጠይቀው ይህን ነው። የኢፍጧር ኮሚቴው የዘንድሮውን ዝርዝር ሲያወጣ ለስላሳውን ያስቀር፣ ሾርባና አትክልቱን ያስቀድም። በየኢፍጧሩና በየተራዊሁ ቦታ የስኳር መውረድ ምልክቶችን የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብ፤ ስኳርና ውሃም አጠገቡ ይኑር። ከጁሙዓ በኋላ ከሚሰጡት ሙሐደራዎች አንዱ ስለ ሩኽሳ ይሁን። በየዶርማችን ደግሞ በረመዳን ቀን ውሃ ሲጠጣ ያየነውን ሰው ከመጠየቃችን በፊት መልካም እናስብለት።

ያ ወንድማችን ዘንድሮ ሐኪሙ አትፁም ብሎታል። መግሪብ ላይ ግን ከእኛ ጋር ይቀመጣል ኢንሻአላህ። ያን ቀን የሚበላው ነገር ከፊቱ እንዲያገኝ፣ መርፌውንም ሳይደበቅ እንዲወጋ ማድረግ የእኛ ኃላፊነት ነው።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ረመዳንንም በሰላም ያድርሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።