ቃራኑ ከሕመሙ ይቅደም

ጅግጅጋ ውስጥ ሰው በጠና ሲታመም ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ሁላችን እናውቃለን። ዘመድ ስልክ ያነሣል፣ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ድሬዳዋ ይደውላል፤ ውጭ ያለው ልጅ በሐዋላ ይልካል፤ ሽማግሌዎች ቃራን፣ ማለትም የመረዳጃ መዋጮ፣ ያውጃሉ። በሄሎካሽና በቴሌብር የገባው ብር ይደመርና በሽተኛው ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። ይህ ልማድ ያተረፈውን ነፍስ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። እኔም ልማዱ ይቅር አልልም። የምለው ጊዜው ይቀየር ነው፤ ሰው ከወደቀ በኋላ የምናዋጣውን፣ ሁላችን በእግራችን ቆመን ሳለን እናዋጣው።

የዘገየ ገንዘብ ውድ ነውና። ቃራኑ እስኪሟላ ሕመሙ አይጠብቅም፤ በጤና ጣቢያ ክኒን ይመለስ የነበረው ነገር አልጋ የሚያስይዝ ይሆናል። አርብቶ አደሩ የሚተማመንባቸው ፍየሎች ደግሞ በበጋ ከስተው ገበያ ሲወጡ፣ ገዢው የሻጩን ጭንቀት ከፊቱ አንብቦ ዋጋ ይሰብራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ወቅት በወቅት ሲከዳን ያየነውን መቼም አንረሳውም። ልጆችም የታመሙት ከብቱ ባለቀበት ዓመት ነበር፤ ቤተሰብ መድኃኒት የሚገዛበት ሀብቱና ጤናው አብረው ሄዱ። ደመወዝተኛውና ነጋዴውም ቢሆን የተሻለ ነገር የለውም። እቁቡ ተራው ሳይደርስ እንዲወጣለት ይለምናል፣ ከሱቅ ይበደራል፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ያዘገያል። በአገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶው ገደማ በቀጥታ የሚወጣው ከታካሚው ኪስ ነው።

መውጫው ከጅግጅጋ የራቀ አይደለም። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል፤ ወደ አርብቶ አደሩ ክልሎች የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ሪፈር ሲጻፍለት ውል ወዳለው ሆስፒታል ይሄዳል። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ እንጂ የታመመው ብቻ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባን ይህን ነው፤ ጤነኞች ሳይገቡ ሕመምተኞች ብቻ የገቡበት ማዕድ ቶሎ ባዶ ይሆናል። ምዝገባውም እንደ ሱቅ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ወቅት አለው። ስለዚህ አንድ በአንድ መሄድ አያዋጣንም፤ በቡድን እንግባ። የባጃጅ ማህበሩ፣ የጫት ነጋዴዎቹ፣ የሐግባድ (የሶማሌው እቁብ) እናቶች፣ የሰፈር እድሮች እያንዳንዳቸው የአባሎቻቸውን ስም በአንድ ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። ወረዳው ምዝገባ ካልጀመረ ደግሞ ያው ዝርዝር አቤቱታ ይሁን፤ መቶ ቤተሰብ የፈረመበትን ወረቀት ማንም ጽሕፈት ቤት በቀላሉ መሳቢያ ውስጥ አይከተውም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንጠይቅ። የደጋው ገበሬ መዋጮውን ምርት ሰብስቦ ይከፍላል። የፋፋንና የሲቲ አርብቶ አደር እጁ ላይ ብር የሚኖረው ግን ከዓረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ ያኔ በጎችና ፍየሎች በበርበራ በኩል ወደ ሳዑዲ ይሻገራሉ፣ ዋጋም ይወጣል። ዓረፋ ደግሞ በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፣ ስለዚህ በአገራችን ዘመን አቆጣጠር የተቆረጠ ወር አይመጥነውም። የመዋጮው ወቅት ከገበያችን ጋር ይሂድ ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። ነጋዴዎቻችንም መንግሥት ላልከፈለለትና መክፈል ለማይችለው ጎረቤት ተጨማሪ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ ይያዙ። ሼኾች በጁምዓ ኹጥባ፣ ካህናት በአውደ ምሕረት ስለ መተጋገዝ ሲያስተምሩ ይህን ጉዳይ በስሙ ጠርተው ይናገሩልን፤ ከእነሱ አንደበት የሚሰማ ቃል ከቢሮ ማስታወቂያ ይበልጥ ቤት ይገባል።

መድህኑ ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላታልልም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚጎዳን መንገዱ ነው። ከአውበሬ ወይም ከቀብሪ በያህ የመጣ በሽተኛ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ከዚያ ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ከተላከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። የደወሌና የአይሻ ሰው ዓይኑ ድሬዳዋ ላይ ነው። የመኪናው፣ የአስታማሚው አልጋ፣ የምግቡ ወጪ በደብተሩ አይከፈልም፤ ስንት ሰው ሪፈር ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል! ስለዚህ እያንዳንዱ እድር ከቀብር ሣጥኑ ጎን የመንገድ ሣጥን ይክፈት። በየወሩ ከመዋጮው ላይ ጥቂት ብር ይነጠል፤ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ሁለት ፊርማ ይኑረው፤ ሪፈር ወረቀት ይዞ ለመጣ አባል በዚያው ቀን ይከፈል። ለሞት በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች ለሕይወትም ማዋጣት አያቅተንም።

በነፃ የሚሰጠውንም እንወቅ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድና የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና አይከፈልባቸውም። ክፍያ የተጠየቀች እናት ካለች ዝም አትበል፤ እኛም ዝም አንበልላት። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራን ደግሞ እድሩ በየጊዜው ለሽማግሌዎቹና ለእናቶቹ ያስተባብር፤ በጊዜ የተገኘ ግፊት በኋላ የሚመጣውን ትልቁን ወጪ ያስቀራል።

ከፍለን ደግሞ አንተኛ። አባላት በየቦታው የሚያማርሩት በአንድ ነገር ነው፤ ደብተር አለ፣ መድኃኒት የለም፣ ግል ፋርማሲ ሂዱ ይባላሉ። የመድህኑ ጠቅላላ ጉባኤ ይህን የምንጠይቅበት ቦታ ነው። ወኪሎቻችንን መርጠን እንላክ፤ የትኛው መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደጠፋ ጽፈው ይሂዱ፣ መልሱንም ለአባላት ያምጡ። ለሕክምና የከፈለ ሰው መድኃኒቱን መጠየቅ ልመና አይደለም።

የጅግጅጋ እድር ዳኞች፣ የሐግባድ እናቶች፣ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴዎች፣ የሺኒሌና የደወሌ ሽማግሌዎች፣ የቀብሪ በያህ መምህራን፤ የዚህን ወር ስብሰባችሁን በዚህ ጉዳይ ክፈቱ። የመንገድ ሣጥኑን ወስኑ፣ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ የቤተሰቦቹን ስም ከመበተናችሁ በፊት ጻፉ። በነጋታው ሦስት ሰዎች ዝርዝሩን ይዘው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይገኙ።