ከአራዳ ስለ መጣልን የክታብ ጥያቄ

ባለፈው ሰሞን በዶሮ ማነቂያ ተወልደው ካደጉ አንዲት ወይዘሮ ደብዳቤ ደርሶናል። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በፈረሱ ጊዜ ዕቃቸውን ሲያሰናዱ፥ ከአያታቸው ሣጥን ሥር በቆዳ የተሰፋ ክታብ አገኙ። ስፌቱ አርጅቶ ነበርና በእጃቸው ላይ ተፈታ፤ ብራናውም ሲዘረጋ ስፋቱ የመዳፍ ያህል፥ ርዝመቱ ግን የሰው ቁመት የሚያክል ሆነ። ወይዘሮዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላቸው፤ ልጁንም የሚጥል በሽታ ይይዘዋል። አክስታቸው «ይህ ቤታችንን የጠበቀ ማሰሪያ ነው፤ በልጁ አንገት ይታሰርለት፥ የሐኪሙም ኪኒን ይቅር» አሉ። ሌላው ዘመድ ይቃጠል አለ። አንድ ነጋዴም ለውጭ አገር ሰው ልሽጥላችሁ ብሎ ዋጋ ጠራ። እንግዲህ ምን ይሻለኛል ብለው ይጠይቁናል።

ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ማእሰረ አጋንንት በግእዝ የአጋንንት ማሰሪያ ማለት ነው። በሽታን የሚያመጣ ጋኔን ነው ተብሎ ስለሚታመን፥ ጋኔኑ እንደ ሌባ ታስሮ እንዲቀር ጸሎትና አስማት ይጻፍበታል። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለውም፥ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበት መረብ ነው ይባላል። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ፥ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጀዋል፤ ይኸውም ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ሳይጠበቅ የሚቀር አካል እንዳይኖር ነው። ጽሕፈቱ በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው፤ የባለቤቱም የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ጋኔኑ አይቶ እንዲሸሽ ዓይናቸው የፈጠጠ ሥዕሎች ይሣሉበታል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍም የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ስም ይተካል።

ወይዘሮዋ እንደ ጻፉልን በክታቡ ላይ ጦር የያዘ ፈረሰኛ አለ፤ ከፈረሱም እግር በታች አንዲት ሴት ወድቃለች። እንዲህ ከሆነ ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፤ ሴቲቱም ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው ውርዝልያ ናት። በግሪኮችም ዘንድ ሲሲንዮስ የሚባል ቅዱስ ጌሎ የምትባለውን ሕፃን ገዳይ እንዳሳደደ ይተረካል። ይህን ጸሎት የሚያስጽፉት ልጅ የሞተባቸው ወይም የፀነሱ እናቶች ነበሩ። ሐኪም በሌለበት ዘመን ልጅ ቀብራ ሁለተኛ የፀነሰች ሴት ሌላ ምን ታደርግ ኖሯል? ስለዚህ በአያትዮዋ የሚስቅ ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንስቅም።

ነገር ግን ማሰር ሁሉ ለጥበቃ ብቻ አልነበረም። የጥንት ግሪኮች የጠላታቸውን ስም በእርሳስ ገበታ ላይ ጽፈው በመቃብርና በውኃ ጕድጓድ ይጥሉት ነበር፤ በቋንቋቸውም ማሰሪያ ይሉታል። በእኛም አገር ሙሽራው ታሰረ የተባለ እንደ ሆነ መፍትሔ ሥራይ ይጻፍለታል። (የሚያስረውና የሚፈታው አንድ ሰው ሲሆን ከሁለቱም ወገን ይከፈለዋልና፥ በዚህ ንግድ የአራዳ ነጋዴ ቢቀና አይፈረድበትም።) ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋዮችንና አስማተኞችን አጥብቀው አውግዘዋል፤ ክታቡ ግን እስከ ዘመናችን ደረሰ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ኪኒኑ ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ቢቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድልም ይችላል። ልጁ በወደቀ ጊዜ በጎኑ ያስተኙት፥ ከራሱም በታች ለስላሳ ነገር ያድርጉለት፤ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ክብሪት እየጫሩ ጭሱን ማሽተትና በአፉ ማንኪያ መክተት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ሰው አረፋውን ፈርቶ አይሽሽ። ክታቡንም በአንገቱ አይሰሩለት፤ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ማሰሪያው ሊያንቀው ይችላልና። አክስትዎ ከራስጌው ይሰቀልለት ቢሉ ግን አይከልክሏቸው፤ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚያስታውሱት እርሳቸው ይሆኑ ይሆናል።

ማቃጠሉን አንመክርም። ነጋዴውንም ያሰናብቱት፤ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በቤት ማኖር ካስቸገረዎ፥ በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲህ ያሉ ክታቦችን ይጠብቃል። ከመስጠትዎ በፊት ግን ብራናውን በፀሐይ ፊት ዘንበል አድርገው ስሙ ያለበትን ቦታ ይመልከቱ። የተፋቀ ምልክት ካለ፥ ከአያትዎ ስም በታች ከእርሳቸው በፊት የያዘችው ሴት ስም ሊታይ ይችላል። ማንበብ ከቻሉ ይጻፉልን።