የመኪናዋን ጥርስ ማን በላው?

ስለ ጥናት ሰዓትና ስለ መመገቢያ አዳራሽ በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ስለተጻፈ፣ እኔ ዛሬ ስለ አንዲት ባለ ሪሞት መኪና ብጽፍ አንባብያን ቅር አትሰኙም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው እረፍት ሀይሌ ጋርመንት ቤታችን ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ አጎታችን ከውጭ የላከለትን መኪና ይዞልኝ መጣ። ከሰፈር ልጆች ጋር ቤት በሚሠራበት ቦታ አጠገብ ሲያሽቀዳድማት ሰንብቷል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። «አስተማሪ ልትሆን አይደል? በል ሥራልኝ!» አለኝ። ስከፍታት የትልቁ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርስ እንደ ተፈለፈለ በቆሎ ረግፏል።

እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። ባለ 20 ጥርስ ማርሽ ባለ 80ውን ሲያዞር ፍጥነቱ ለ4 ይካፈላል ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። ጥርሱ ለምን እንደሚያልቅ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጎረቤታችን ያሉ መካኒክ አይተው ሳቁ። «ግራሶ የቀባው ማነው?» ወንድሜ ነው፣ ይለስልስ ብሎ። ማርሹ በሳጥን የተዘጋ ቢሆን ግራሶው በጠቀመው ነበር። ክፍት ማርሽ ላይ ግን አሸዋ ይይዛል። አሸዋው ፕላስቲኩ ላይ ይሰካና እንደ ሞረድ ሆኖ ትንሹን የብረት ማርሽ፣ እሳቸው ፒኞን የሚሉትን፣ ይሞርደዋል። የተሞረደው ብረት በተራው ፕላስቲኩን ይበላል። ስለዚህ ያለቀ ፒኞን ትቶ ትልቁን ብቻ መለወጥ አዲሱን ለጅብ እንደ መስጠት ነው።

የሞተሩም ብሎን ላልቶ ነበር። ማርሾች ሲራራቁ በጥርሳቸው ጫፍ ብቻ ስለሚያያዙ ይዘላሉ፣ ይረግፋሉ። ከመጠን በላይ ሲጠጋጉም ይፋጫሉ፣ ይግላሉ። ደግነቱ ከሌላ ልጅ ስብርባሪ መኪና ልክ የሚሆኑ ሁለት ማርሾች ተገኙ። መካኒኩ ልኩን ያወጡት ከደብተሬ በቀደዱት ቁራጭ ወረቀት ነው! ወረቀቱን በማርሾቹ መካከል ከተቱ፣ ሞተሩን አስጠግተው ብሎኑን አጠበቁ፣ ከዚያም ማርሹን በእጃቸው አዙረው አወጡት። ሳይቀደድ ተሸብሽቦ ወጣ። ትልቁ ማርሽ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በሦስት አራት ቦታ ደገሙት።

ማታ ቁጥሮቹን ሳሰላ ሌላ ነገር ታየኝ። በ20 እና 80 እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ ዘላለሙን የሚገናኘው ከእነዚያው 4 ጥርሶች ጋር ነው፤ አንዱ ከተጎዳ እነዚያኑ ሲመታ ይኖራል። ፒኞኑ 21 ቢሆን ግን፣ 21 እና 80 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ እያንዳንዱ ጥርስ 80ዎቹንም በተራ ያዳርሳል። «የጋራ አካፋይ ምን ይሠራል?» ለሚል ተማሪ መልስ ያገኘሁት ያን ማታ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ መርጃ መሣሪያ እንዳይሰበር ተቆልፎበት ይቀመጥ ይላሉ። በበኩሌ አልስማማም። ማርሽ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥተን፣ ካቻቢቴ ይዘን፣ ራሳችን እየፈታን እናስተምርበት። ሲሰበርም የሚያስተምረው አለ።

ወንድሜ አሁን ከየእሽቅድድሙ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋታል። ወደፊት እየበረረች ሳለ በድንገት ወደ ኋላ መመለሱን ግን አልተወም። ባለ ትርፍ ማርሽ ካላችሁ ዶርም ታገኙኛላችሁ።