በጀልባ ላይ የቤት ቢራን አቀዝቅዞ ስለ ማቈየትና ስለ ማቅረብ

ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ የቤቱን አያያዝ ይገልጣል። በአገራችን ባልትና ያላት እመቤት ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ታኖራለች፤ አፉን ከድና አተላው እስኪዘቅጥ ትታገሣለች፤ ቀድታ የምታቀርበውም ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ የሚረዳት ቤቷ ከስፍራው የማይነቃነቅ መኾኑ ነው። ቤቱ ራሱ በማዕበል የሚናወጥ ጀልባ የኾነ እንደ ኾነ ግን፥ ጥላው፥ ዕረፍቱና ቅዝቃዜው ኹሉ በብልኀት የሚፈለግ ይኾናል።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ጠረፎች ወራትን በሸራ ጀልባ ላይ የሚያሳልፉ ቤተ ሰቦች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብቅልንና ሆፕ የሚባለውን እንደ ጌሾ መራራ የኾነ ተክል ገዝተው ቢራቸውን በገዛ እጃቸው ይጠምቁና በብረት በርሚል ይዘውት ይጓዛሉ። ነገሩ ለጊዜው የቅንጦት ሥራ ይመስል ይኾናል፤ ነገር ግን ስለ ሙቀት፥ ስለ ግፊትና ስለ ቤት ሥርዓት የሚያስተምረው ብዙ ስለ ኾነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጠው ወደድን። የምንጽፋቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቢራና መርከብ የቈየ ወዳጅነት አላቸው። በቀድሞው ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ለእያንዳንዱ መርከበኛ በቀን 1 ጋሎን፥ ማለት 4 ሊትር ተኩል ያህል ቢራ ይሰጥ ነበር፤ በእንጨት በርሚል የተጫነ ውሃ ቶሎ ይበላሽ ነበርና። መርከቡ ወደ ሞቃት ባሕር በወረደ ጊዜ ግን ቢራውም ይኮመጥጥ ስለ ነበር በወይን ጠጅና በአረቄ ይተኩት ነበር። ካፒቴን ጄምስ ኩክም በ1773 ኒው ዚላንድ ደርሶ ሳለ፥ ድድ ከሚያደማው ከስከርቪ በሽታ ሰዎቹን ለመጠበቅ ብሎ፥ ጥድ ከሚመስል ዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ቢራ አስጠምቋል። ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በ1946 ሜኔስቴየስ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ የባሕር ውሃ እየተነጠረ ቢራ ይጠመቅ ነበር። ከዚህ ኹሉ እንደምናየው የመርከበኛው ችግር መጥመቁ አልነበረም፤ ከሙቀት ማዳኑ ነበር እንጂ። ካርል ፎን ሊንዴ የተባለው የጀርመን መሐንዲስ በ1870ዎቹ ዓመታት በሙኒክ ከተማ የማቀዝቀዣ መኪና የሠራው ለቢራ ጠማቂዎች መኾኑም ይህንኑ ያስረዳል።

አኹን ወደ ሥራው እንግባ። የቤት ጠማቂዎች የሚወዱት በርሚል ቀድሞ ለለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ማመላለሻ የተሠራ፥ 19 ሊትር ያህል የሚይዝ የማይዝግ ብረት ነው። ቁመቱ 64 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ወርዱ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲኾን፥ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ክብደት በማዕበል ጊዜ ከስፍራው ቢፈናቀል እግር ይሰብራል። ስለዚህ ከወለሉ ዝቅ ብሎ፥ መናወጡ በሚያንስበት በጀልባው መካከል ይቀመጣል፤ ላይና ታቹም በጠፍር ይታሰራል። ግማሹን ያህል የሚይዝ ትንሽ በርሚል ኹለት አድርጎ መያዝ ግን ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋልና።

ከጕዞ በፊት የሚፈጸም አንድ ዋና ሥራ አለ። የቤት ቢራ እንደ ጠላ እርሾውና አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በየብስ ላይ ይህ ጕዳት የለውም። ጀልባው ሲናወጥ ግን አተላው ተመልሶ ይደፈርሳል። ስለዚህ መፍላቱን ፈጽሞ የጠራውን ቢራ አየር ሳያስነኩ ታጥቦ ወደ ጸዳ ሌላ በርሚል ማጋባትና ከወደብ ሳይወጡ በመልካም አቀዝቅዞ መጫን ይገባል።

በየብስ ማቀዝቀዝ ለምን እንደሚሻል ሒሳቡ ይመሰክራል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 19 ሊትር ቢራ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 6 ኪሎ ያህል በረዶ መቅለጥ አለበት፤ ይህም በሣጥኑ ግድግዳ የሚገባውን ሙቀት ሳንቈጥር ነው። በኤሌክትሪክ የኾነ እንደ ኾነ ደግሞ፥ ማቀዝቀዣው ለሚበላው ለአንድ እጅ ኀይል አንድ እጅ ተኩል ሙቀት የሚያወጣ ቢኾን፥ ከ12 ቮልት ባትሪ 32 አምፔር ሰዓት ያህል ይፈጃል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ እንዳይጐዳ ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል። እንግዲህ አንድ በርሚል ማቀዝቀዝ ከሚፈቀደው ከግማሽ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። በዚያው ባትሪ ግን የሌሊቱ መብራትና የርዳታ መጥሪያው ራዲዮ ይሠራሉ። ታላቅ መርከብ በጨለማ ሲመጣ መብራቱ የጠፋ ጀልባ አይታይም፤ ለቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲባልም የልጆችን ሕይወት በጨለማ ማስቀመጥ ትልቅ ሞኝነት ነው።

ብልኆች ስለዚህ በኹለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው፥ ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ በቀትር ብዙ ኀይል በሚሰጥበት ጊዜ ወይም ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ማቀዝቀዝ፥ ሌሊት ግን ቅዝቃዜው እንዳይወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ሙቀት በማያሳልፍ ሣጥን መጠበቅ ነው። ኹለተኛው፥ በርሚሉን ከወለል በታች ትቶ የሚቀዳውን ብቻ ማቀዝቀዝ ነው፤ ቢራው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ቱቦ በበረዶ ሣጥን ውስጥ እያለፈ ቀዝቅዞ ይወጣል። በርሚሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለነፋስ መስጠትም አለ፤ የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ጥበብ ነው። ነገር ግን ይህ በደረቅ አየር እንጂ እርጥበት በበዛበት በባሕር አየር ብዙ አይረዳም።

ስለ መቅዳት ደግሞ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ለቢራው ሕይወት የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ በትንሽ ግፊት ረግቶ ይቀመጣል፤ በሞቀ ቢራ ግን ይሸሻል። በ4 ዲግሪ ከአየሩ ግፊት በላይ 0.8 ባር ያህል የሚበቃው ቢራ፥ በ25 ዲግሪ 2 ባር ያህል ይፈልጋል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ብርጭቆው አረፋ ብቻ ሲኾንበት ቢራውን ይወቅሳል። መቅጃው ቱቦ የውስጥ ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል፥ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ቢኾን ግፊቱን ያለዝበዋል። ጀልባው መልሕቅ ከጣለ በኋላም በርሚሉን ጥቂት ሰዓት ማሳረፍ፥ ብርጭቆውንም አዘንብሎ መቅዳት ይገባል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህም ይኾናል።

ከኹሉ የሚከብደው ግን የጋዙ አደጋ ነው። 2 ኪሎ ጋዝ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ብትፈስ ከ1000 ሊትር በላይ ጋዝ ታወጣለች። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ከአየርም ይከብዳልና ቤተ ሰቡ በሚተኛበት በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከሚተነፈሰው አየር ከመቶ 10 እጅ የደረሰ እንደ ኾነ ሰውን በጥቂት ደቂቃ ራሱን ያስተዋል፥ ይገድላልም። በብዙ ጀልባ የሚሰቀለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ለዚህ ጋዝ አይጮኽም፤ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራ ሌላ ደወል ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠርሙሷ ቀጥ ብላ ታስራ ከመኝታው ውጭ፥ የፈሰሰው ጋዝ ወደ ባሕር በሚወርድበት ሣጥን ትቀመጥ፤ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ ይፈተኑ፤ መዝጊያዋም ማታ ማታ ይዘጋ።

የጀልባው አለቃም ራሱን ይግዛ። በአሜሪካ ሕግ የመዝናኛ ጀልባ የሚነዳ ሰው በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.08 ግራም አልኮል ከተገኘበት ይቀጣል፤ ባሕር ግን ከዳኛ ይልቅ ፈጥና ትፈርዳለች። መልካሙ ልማድ መልሕቅ ሳይጣል በርሚል አለመክፈት ነው። መልሕቅም በሌሊት ነፋስ ሊነቀል ይችላልና፥ ኹሉ ሲጠጣ አንድ ዐዋቂ ሳይጠጣ ይቈይ።

በመጨረሻ በርሚሉ ባዶ ሲኾን ቱቦውና ቧንቧው ወዲያው ይታጠቡ፤ የቀረ ቢራ ይኮመጥጥና የሚቀጥለውን ያበላሻል። ጨው የማይዝግ የተባለውንም ብረት ይበሳዋልና የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ ይኹን። ይህ ውሃ ከቤተ ሰቡ መጠጥ የሚቀነስ ስለ ኾነ ከመነሣት በፊት ይቈጠር። ቈጥሮ የማይበቃ የኾነበት ሰው በርሚሉን በወደብ ትቶ ቢሄድ አያፍርም፤ እንግዳውም የጠራ ውሃና የበራ መብራት ካገኘ በደኅና አድሮ ያመሰግነዋል።