ገመዱና ሩብ ሄክታሩ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጐዳና ተጉዞ ሰርቦ የደረሰ መንገደኛ፥ በየጓሮው ከዋንዛ ጥላ ሥር የተጠለለውን ቡና ባየ ጊዜ፥ ምድሪቱ ከነዋሪዋ የተረፈች መስላ ትታየው ይሆናል። ለእኔም እንዲሁ ትመስለኝ ነበር፤ ባለፈው ታኅሣሥ ግን ባሏ ከሞተባት ከአንዲት እናት ጓሮ ተገኝቼ፥ ሽማግሌዎች ግማሽ ሄክታር ቡና ለሦስት ወንዶች ልጆች ለማካፈል ገመድ ሲዘረጉ ካየሁ ወዲህ አሳቤ ተለወጠ።

ገመዱን የያዘው ሕግ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የበለጠ እንዳይሰጥ በወሰነ ጊዜ፥ ሕግ አውጪው የፈራው መሬት በአንድ ሰው እጅ መብዛቱን ነበር፤ ከ32 ዓመት በኋላ የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 ግን ማነሱን ፈርቶ፥ ለዓመታዊ ሰብል ከግማሽ ሄክታር፥ እንደ ቡና ላለው ቋሚ ተክል ከሩብ ሄክታር ያነሰ ይዞታ ወደ ፊት እንዳይፈጠር ደነገገ። አባቶች ስለ ጋሻ መሬት ተሟገቱ፤ ልጆች ስለ ሩብ ሄክታር ይሟገታሉ።

ገደቡን አልነቅፍም፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪይዝ ሦስትና አራት ዓመት የሚያስታምም ተክል ነውና፥ ቢሸራርፉት ማንንም አያሳድርም። የምነቅፈው ከገደቡ ጎን የተጻፈውን ተስፋ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ የክልሉም የ1999 አዋጅ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ፥ በእርሻ መተዳደር ለሚሻ ነዋሪ ይህንኑ አጸና፤ ነገር ግን ያው አዋጅ ከመስኖ መሬት በቀር የገበሬው ይዞታ ዳግመኛ እንዳይሸነሸን ስለከለከለ፥ የሦስተኛው ልጅ ድርሻ ከግጦሹ ይወጣ ወይስ ከደኑ፥ የሚነግረው የለም። መጻሕፍት ዐፅመ ርስት የሚሉትን እርሱ ወረፋ ይለዋል።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለት ድርሻ ብቻ ስላገኙ ገመዱን ጠቀለሉት።

«ልጆቼ፥ እኔ እስካለሁ የቡናውን እግር አትከፋፈሉት፤ ፍሬውን ተካፈሉ» አለች እናቲቱ፥ የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች።

ከማድረቂያው አልጋ የወረደው ጀንፈል በግቢው መካከል ተከምሮ ነበር። ታናሹ ሳይናገር ጣሳውን አነሣና ከታላቅ ወንድሙ ጆንያ ጀመረ።