የከርሰ ምድር ውኃና የተዳፋት መሬቶች ደኅንነት በአዊ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ዜጎችን ሕይወት የቀጠፈው የመሬት መንሸራተት ሁለት ጊዜ የደረሰ ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰባሰቡ ናቸው። ዝናብ ቢያባራም በተዳፋቱ ውስጥ የሰረገው ውኃ የአፈሩን ቅንጣቶች መግፋቱን አያቆምም። በመሆኑም የዝናብ መጠንን ብቻ መከታተል በቂ አይደለም።

ጉዳዩ የአዊ ዞንንም ይመለከታል። በእንጅባራ አካባቢ ዓመታዊው ዝናብ ከ2 ሺሕ ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አለቱም እንደ ዘንገና ሐይቅ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። የዝናብ ውኃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል። ከባዛልቱም ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይወስዳል፤ ሸክላ አፈርን ትቶ ይሄዳል። የግብርና ባለሙያው በኖራ የሚታገለው የአፈር አሲዳማነትና የመንገድ መሐንዲሱ የሚሠጋበት አንሸራታች ሸክላ የአንድ ሂደት ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው እምብዛም አይስተዋልም።

የምንጭ ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይለካል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ውኃው በምድር ውስጥ ብዙ እንዳልቆየ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ከአለቱ ብዙ ማዕድን እንዳሟሟ ያመለክታል። በክረምት የምንጩ መጠን ጨምሮ ልኬቱ በድንገት ቢወርድ፣ ዝናቡ በስንጥቆች በፍጥነት እየገባ ሊሆን ይችላል። አዲስ ምንጭ መፍለቁና የጠራ ምንጭ መደፍረሱም በቸልታ የሚታለፉ ምልክቶች አይደሉም።

ክትትሉን አርሶ አደሩ ራሱ ሊያከናውን ይችላል። በዳንግላ ወረዳ ዳንገሸታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ነዋሪዎች ዝናብን፣ ወንዝንና የእጅ ጉድጓድ ውኃን ለክተዋል፤ መረጃቸውም ለሳይንሳዊ ጥናት በቅቷል። ዓላማው የውኃ ሀብትን ማወቅ ቢሆንም፣ ዘዴው ለተዳፋት ቁጥጥርም ያገለግላል። ከጎሃ ጽዮን ደጀን በሚወስደው የአባይ በረሃ መንገድም የከርሰ ምድር ውኃ ክትትል የመንሸራተት ጥናቱ አካል ነበር።

እዚህ ላይ ለወረዳ አመራሮች አንድ አከራካሪ ነጥብ ይነሳል። በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚቆፈሩ የውኃ ማስረጊያ ጉድጓዶች በአብዛኛው ስፍራ ጠቃሚ ናቸው። መሰንጠቅ በጀመረ ተዳፋት ላይ ግን ውኃውን ማስረግ ሳይሆን በቦይ ማስወጣት ይገባል። የቁፋሮ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ቦታው በግብርናና በውኃ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች በጋራ ሊታይ ይገባል።