ስብሰባ ሐይቅን አያጠራም

ይድረስ፦ የሐይቅን ውኃ ከብክለት ለማዳን ለሕዝቡ ግንዛቤ እንድታስጨብጡ ለተሾማችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች



ከቆቦዋ ሮቢት ሆኜ ስለ ሐይቅ መጻፌ ከወሰኔ ያለፍሁ ያስመስለኝ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከቆቦ ተነሥቶ በወልድያና በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ በሐይቅ ከተማ የሚያልፍ፥ የእኛም አገር ሰው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስለት ያለው በመሆኑ፥ በጉዳዩ ላይ አንድ ቃል ለመናገር ባዕድ አይደለሁም።

በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ማኅበረ መነኮሳቱን ያጸኑበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፥ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በነገሥታት አደባባይ ይከበሩበት የነበረው ደብረ እስጢፋኖስ፥ ቀድሞ ደሴት ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር ተጋጥሟል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ የአንከርካ ወንዝ ከተራቆተው ተራራ አጥቦ የሚያመጣው ደለል፥ ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ፥ ከከተማው የሚፈስሰው እድፍና የሳሙናው አረፋ አንድ ጊዜ ከገባ በዚያው ይከማቻል እንጂ፥ እንደ ወራጅ ወንዝ ዕዳውን ለጎረቤት አገር አያሻግርም። ከዚህም በላይ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝቡ ምግብ ይሆናል ተብሎ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከሌላ ስፍራ መጥቶ ተጨመረበት፤ ዓሣውስ በእርግጥ ምግብ ሆኗል፤ ነገር ግን ለጥራቱ ይደነቅ የነበረው ውኃ ከዚያ ወዲህ በአልጌ እየደፈረሰ መሄዱን የውኃ ሊቃውንት ጽፈዋል። ዓሣው እንዲጨመር የወሰነው ግንዛቤ የጎደለው ገበሬ እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።

እኔ የምነቅፈው ቅን ልቡናችሁን ሳይሆን የሥራችሁን አካሄድ ነው። ባለርስቱን ከእርሻው፥ ባልቴቷን ከጓዳዋ ጠርታችሁ በአዳራሽ ታስቀምጣላችሁ፤ ሐይቅ ቅርስ መሆኑን፥ ቆሻሻም ጎጂ መሆኑን ትነግሯቸዋላችሁ፤ ካናቴራ ታድላላችሁ፤ አበል ትከፍላላችሁ፤ ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ የተሰብሳቢውን ቁጥር በሪፖርት አስፍራችሁ ትመለሳላችሁ። (ካናቴራው ዓመት ሳይሞላው የወለል መወልወያ ሲሆን አይቻለሁና ስለ ዕድሜው አልከራከርም።) ሪፖርቱ ስንት ሰው እንደመጣ ይናገራል፤ ውኃው ጠራ ወይስ ደፈረሰ የሚለውን ግን የጠየቀውም የመለሰውም የለም። በሐይቁ ዳር ልብስ የምታጥበው ሴት ሳሙናው ወዴት እንደሚሄድ ከእናንተ የበለጠ ታውቃለች፤ ዓይኗ ሥር ነውና። የጎደላት ምክር አይደለም፤ ሌላ የማጠቢያ ስፍራ ነው።

የጣናንም ነገር አስቡ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዘገበ፤ እንቦጭ የተባለው የውኃ አረም ግን ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ገብቶበት ነበር። ብዙ ሺህ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ በውጭ አገር የሚኖረው ወገንም ለማጨጃ ማሽን ገንዘብ አዋጣ፤ ያ ሁሉ ድካም የሚመሰገን ነው። ሆኖም የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት የሚቆይ፥ ከማሳና ከከተማ የሚወርደውም ፍሳሽ የሚቀልበው በመሆኑ፥ ዘመቻው ሲበተን አረሙ ተመለሰ። ሰው ከሥራ ሲያርፍ የማያርፍን ጠላት በበዓል ቀን ሰልፍ ማሸነፍ አይቻልም።

በእኛ ቆላ የውኃ ሥርዓት እንዲህ አይደለም። ከምዕራቡ ተራራ ደራሽ ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ በሠራው ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ያገባዋል፤ ተራውን የሚያስይዝ፥ ቦዩ ሲደፈን የሚያስጠርግ፥ ከጥርጊያው የቀረውንም የሚቀጣ የውኃ አባት አለ። የውኃ አባቱ ስለ ጎርፍ ጠቀሜታ ለማንም ንግግር አድርጎ አያውቅም። ሥልጣኑ ከራሱ ከተጠቃሚው የመጣ፥ ዳኝነቱም በዓይን የሚታይ ስለሆነ ይታዘዙታል። እርግጥ ነው፥ የጎርፍ ተራ መጣስ ባለተራውን ገበሬ በዚያው ሰሞን ይጎዳዋል፤ የሐይቅ መበከል ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ክርክሩን ያከብደዋል። ስለዚህም ነው ሐይቅ ከጎርፍ ይልቅ ጠባቂ የሚያሻው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ለመጪው ስብሰባ የያዛችሁትን አበልና የካናቴራ ገንዘብ ከዳር ራቅ ላለ የልብስ ማጠቢያ ቦኖና ለከተማው ቆሻሻ መጣያ አውሉት፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ፥ መነኮሳቱና የመስጊዱ ሽማግሎች ራሳቸው መርጠው የሐይቅ አባት ይሹሙ፤ በዳር የሚሠራውን የመዝናኛ ቤት ባለቤትም ከገበሬው እኩል የሚቀጣበት ሥልጣን ይሰጠው። ባለሙያዎቻችሁም የውኃውን ጥራት በየወቅቱ ለክተው፥ ውጤቱን በጥቅምት 17 በእስጢፋኖስ ክብረ በዓል በደጀ ሰላሙ፥ በጁምዓም በመስጊዱ ደጅ ለሕዝቡ ያንብቡለት። ውኃው ያልጠራበት ዓመት ሲያጋጥምም በዚያው ጉባኤ ፊት ቆማችሁ ምክንያቱን ተጠየቁ።